ያየ ሰውና የታየው ነገር

ወጣት አንባቢዎቼ፥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለውን እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስም ሰምታችሁ ታውቁ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። በአገሩ ግን ለአምሳ ዓመት ያህል በቴሌቪዥንና በራዲዮ ሲሠራ የኖረ፥ ሚኒስትሮችን ፊት ለፊት ተቀምጦ የጠየቀ፥ በምርጫ ሌሊት ውጤት ሲነገር ብዙ ሕዝብ እርሱን ሲያይ ያደረ ስመ ጥር ሰው ነው። በእኛ አገር ያለው ታሪኩ በአንድ ፊልም የተጠቀለለ ነው። ያም ፊልም ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፥ በአንድ ዘመነ መንግሥት የመጨረሻ ሌሊት በሕዝብ ፊት እንደ ማስረጃ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ስለ ሰውየው የሚነገረው ሁሉ ከዚያ ሌሊት ጋር ይደባለቃል። የሚያመሰግነው ሁሉን አንድ ላይ ያመሰግናል፤ የሚረግመውም ሁሉን አንድ ላይ ይረግማል። እኔ ግን ዕድሜዬን የተማሪ ደብተር ሳርም የኖርሁ መምህር ነኝና፥ የልጁን ሥራ ጎረቤቱ ከጨመረበት ለይቼ ማርክ መስጠት ልማዴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የአውሮጳውን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልሁ እለያለሁ፤ የቀረው በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ዲምብልቢ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ የቢቢሲ የጦር ሜዳ ወሬ ነጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የእንግሊዝ ጦር ቤርገን ቤልሰን ወደ ተባለው የናዚዎች የእስረኞች ሰፈር በገባ ጊዜ፥ ሪቻርድ አብሮ ገብቶ ሬሳና ሕያው ተደባልቀው የተኙበትን ስፍራ በዐይኑ አየ፤ ያየውንም ለራዲዮ ተናገረ። በሎንዶን ያሉት አለቆቹ ነገሩ ለማመን የሚያስቸግር ሆኖባቸው ከማስተላለፍ አመነቱ፤ እርሱ ግን ይህ ካልተሰማ ሥራዬን እለቃለሁ ብሎ ስለ ጸና ወሬው ለዓለም ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል፥ በ1965 የቸርችልን ቀብር ለሕዝቡ የተረከውም ይኸው ሰው ነው። እርሱም በዚያው በ1965 ሞተ፤ ጆናታን ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዴቪድም የዚሁ ሙያ ሰው ሆኖ በቢቢሲ ከፍ ያለ ስም አገኘ። ስለዚህ የእንግሊዝ ሕዝብ ይህን ቤተ ሰብ ወንበር እንደሚያወራርስ ሥርወ መንግሥት ቢያየው አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ግን የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ቤልሰንን ካየ አባት የሚወረሰው ወንበር ሳይሆን ዕዳ ይመስለኛል።

ወጣቱ በመጀመሪያ የተማረው የእርሻን ነገር ነበር፤ ይኸውም በሳይረንሴስተር ከተማ በሚገኘው የንጉሣዊ እርሻ ኮሌጅ ነው። ከዚያ በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመረቀ። ወዲያው በቢቢሲ ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶም ወደ ቴምዝ ቴሌቪዥን ተዛውሮ በየሳምንቱ የሚቀርበውን «ይህ ሳምንት» የተባለውን ዝግጅት ይዞ በየአገሩ ይዞር ጀመር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነው።

አሁን እርሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ ካልታወቀ የፊልሙን ዋጋ መመዘን አይቻልም። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናሙ ከዳ። ገበሬው ያለውን ከብት ሸጠ፤ የሚሸጥ ባለቀበት ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። በዚያው በ1965 ከወሎ የተነሡ ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት በእግራቸው እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ ተመለሱ ተባሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ፤ ተማሪዎቹም ለተራቡት ጮኹ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጋዜጣና በራዲዮ የተሰማ ቁም ነገር አልነበረም። መንግሥቱ ነገሩን ያፈነው፥ ረሃብ በመንግሥት ፊት እንደ ነውር ስለሚቈጠር ነው። የዚያ ረሃብ ሟቾች ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅ አድርገው የሚገምቱት 40,000 ሲሉ ከፍ የሚያደርጉት 200,000 ይላሉ። በሁለቱ ግምት መካከል ያሉትን 160,000 ነፍሶች የቈጠራቸው የለም ማለት ነው፤ ይህ ራሱ ስለ አስተዳደሩ የሚናገረው ነገር አለ።

እንግዲህ ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ምሽት ታየ። ስሙም «ያልታወቀው ረሃብ» ይባላል። እኔ ፊልሙን ሙሉውን ያየሁት መምህር ከሆንሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገረመኝ ወጣቱ ጋዜጠኛ ምን ያህል ጥቂት እንደሚናገር ነው። ሀያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መጮህ፥ መፎከር፥ ወይም የራሱን እንባ ማሳየት ያምረው ነበር። እርሱ ግን ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሮ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ የቀረውን ለተመልካቹ ዐይን ትቶለታል። መምህራን ሆይ፥ ድርሰት የምታስተምሩ እንደ ሆነ ይህን አሳዩ፤ ኀዘን በቅጽል ብዛት አይገለጥም። የአባቱን የቤልሰን ንግግር ያነበበ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያገኘዋል፤ አባትም ልጅም ያዩትን ይቈጥራሉ እንጂ ስለ ራሳቸው ልብ መሰበር አይተርኩም።

ውጤቱም ታላቅ ሆነ። በእንግሊዝና በሌላው አገር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ እህልና መድኃኒት ተጫነ። ንጉሠ ነገሥቱም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወሎን ጐበኙ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅበር ለዲምብልቢ ሽልማት ሰጠው፤ የሽልማቱም ስም በገዛ አባቱ የተሰየመ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ሁለት ነገር እነቅፋለሁ።

የመጀመሪያው የፊልሙ ስም ነው። «ያልታወቀ» ሲባል ለማን ነው ያልታወቀው? በእግሩ አዲስ አበባ የደረሰው ገበሬ ያውቅ ነበር፤ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ የሰቀለው መምህርም ያውቅ ነበር፤ ሪፖርት ደርሶት መሳቢያ ውስጥ የከተተው ሹም ከሁሉም ይልቅ ያውቅ ነበር። ያላወቀው የሎንዶን ተመልካች ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው አንድን ነገር ባየበት ቀን ነገሩ እንደ ተፈጠረ አድርጎ ማሰብ የአውሮጳ ጋዜጠኞች የቈየ ጠባይ ነው፤ ወንዞቻችንንና ሐይቆቻችንንም እንዲሁ «አገኘናቸው» ሲሉን ኖረዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ለተራቡት ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ተብሎ በእንግሊዝ አገር ዘፈን ሲወጣ፥ ዘፈኑ የገና በዓል መድረሱን እናውቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሆነ። ገናን ከአንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ስናከብር የኖርን ሕዝብ መሆናችንን የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ። ዘፋኞቹ ልባቸው ቅን ነበር፤ የሰበሰቡት ገንዘብም ሰው አድኖአል፤ ሆኖም ቅንነት ዕውቀትን አይተካም።

ሁለተኛው ነቀፋዬ ከበድ ይላል። ፊልሙ ረሃቡን ያሳያል፤ የረሃቡን ምክንያት ግን ከድርቁ አልፎ ብዙ አይጠይቅም፤ የመንግሥቱንም ስም እየጠራ አይወቅስም። ድርቅ የሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን ብዙ ጊዜ የምድር ሥራ ነው። አማርትያ ሰን የተባለው የሕንድ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ የወሎን ረሃብ መርምሮ፥ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ በጠቅላላው የነበረው እህል ያን ያህል አልጐደለም፤ የጐደለው የወሎ ገበሬ እህሉን የሚገዛበት አቅም ነው ብሎ ጽፎአል። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ የወጣበት ጊዜ እንደ ነበረ ያመለክታል። እህል ባለበት አገር ሰው በረሃብ ሲሞት ዋናው ጥያቄ መሬቱ የማን ነው፥ ግብሩን ማን ይቀበላል፥ ጐተራው ለማን ይከፈታል የሚለው ነው። የእርሻ ትምህርት የቀመሰው ጋዜጠኛ ይህን ጥያቄ ማንሣት ያቅተው ነበር ብዬ አላምንም። ምናልባት መንግሥትን ቢወቅስ የእርዳታው በር ይዘጋል ብሎ ሠግቶ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። እንጀራ የሚጠብቅ ልጅ ፊት ቆሞ ስለ መሬት ሥሪት መከራከር ቀላል አይደለም። ቢሆንም እርሱ ባዶ የተወውን ስፍራ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሰው ሞላው፤ የሞላበትም መንገድ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ነበር። በዚያ ሌሊት ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። ግን የታየው ፊልም በሎንዶን የታየው አልነበረም። ተቈርጦ ነበር፤ በየመካከሉም የቤተ መንግሥት ግብዣ፥ የሠርግ ድግስ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል ተቀጥሎበት ነበር። የሞተ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው ብርጭቆ ሲጋጭ ይታያል። አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ ይታያል፤ ወዲያው ውሻው ሥጋውን ሲጐርሥ ይታያል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

ያን ሌሊት እኔ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ከአጎቴ ዘንድ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ ዕድሜዬም ዐሥራ አምስት ነበር። ቴሌቪዥን በሰፈሩ ያለው አንድ የጉምሩክ ጸሓፊ ብቻ ስለ ነበር፥ ሳሎኑ ሞልቶ የቀረነው በመስኮት እያየን ቆምን። አዋቂዎች ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደግሞ ከለቅሶው በኋላ ሲራገሙ ሰማሁ፤ ለቅሶውና እርግማኑ እንደ ሥዕሎቹ እየተፈራረቁ ነበር የሚመጡት። አንዲት ከወሎ የመጡ፥ በዚያ ቤት እንጀራ የሚጋግሩ እናት በበሩ ተደግፈው ቆመው ነበር። እርሳቸው አላለቀሱም። «እናንተ ዛሬ ነው ያያችሁት?» ብለው ወደ ማድቤቱ ተመለሱ። የቤቱ ጌታ ደንግጦ፥ «እማማ፥ ምነው ቀደም ብለው አልነገሩን?» ቢላቸው፥ «ነግሬህ ነበር ጌታዬ፤ ሥራ ላይ ነበርህ» አሉት። እኚህ ሴት ስለ ፊልሙ ስም እኔ ከላይ በብዙ ቃል የጻፍሁትን በአንድ ጥያቄ ጨርሰውታል።

ወጣቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በዚያ ፊልም ውስጥ ሐሰተኛ ሥዕል ነበረን? ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣው እውነት ነው። ውሾቹም እውነት ናቸው። ተመልካቹን ወደ አንድ ፍርድ የነዳው ግን ሥዕሎቹ ሳይሆኑ ስፌቱ ነው። ግብዣው በሌላ ዓመት፥ በሌላ ቀን የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ግን ልክ ሕፃኑ በሞተባት ደቂቃ ብርጭቆው የተነሣ ያስመስለዋል። ይህን በተናገርሁ ቍጥር የንጉሡ ወገን ነህ የሚሉኝ አሉ። አይደለሁም። ሕዝብ ተርቦ ሳለ መደገስ ኀጢአት ነው፤ ዝም ማለትም የባሰ ኀጢአት ነው፤ ያ መንግሥት በወሎ ሕዝብ ደም ይጠየቃል። ሆኖም ጥፋተኛን በሐሰት ማስረጃ መክሰስ ጥፋቱን አያጐላውም፤ ዳኛውን ግን ያበላሸዋል።

ዳኛውም ተበላሸ። በረሃቡ ጉዳይ ማን ምን ያህል እንደሚጠየቅ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ፥ ሰዎችን እየጠራ ቃል ይቀበል ነበር። መልካም ሥራ ነበር፤ እንዲያውም በአገራችን ታሪክ ሹሞች ስለ ረሃብ በግልጥ ሲጠየቁ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፥ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፥ የሚገኙባቸው 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ፊልሙ ገደላቸው አልልም፤ የገደላቸው ጠመንጃ የያዘው ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በሥዕል ፈርዶ ጨርሶ ስለ ነበር ፍርድ ቤቱ ቢቀር ብዙ ሰው ጉድለቱ አልተሰማውም። በእኛ ትምህርት ቤት እንኳ ወሬው ሲሰማ ከማጨብጨብ የተከለከለው ጥቂት ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በረሃብ ምክንያት ንጉሥ ያወረደው መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ወጪ ሲያከብር፥ በዚያው በወሎና በትግራይ ካለፈው የከፋ ረሃብ ሰውን ይፈጅ ነበር፤ እርሱም ደግሞ ተሸሸገ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ወሬ ነጋሪ፥ መሐመድ አሚን ከተባለው ኬንያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ከቆረም ያመጣው ሥዕል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አናወጠ። የዚያ ረሃብ ሟቾች ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታሉ። በዚህ ጊዜ የደርጉን ግብዣ ከቆረም ሬሳ ጋር ሰፍቶ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የሚያሳይ አልተገኘም፤ ቴሌቪዥኑ በማን እጅ እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ሲባል ስለ ነገሥታት ብቻ የተነገረ መስሏቸው ነበር።

እንግዲህ ለዲምብልቢ ማርኩን እንዴት እንስጥ? ሰው ለሠራው ነገር ይጠየቃል፤ ሌላው ቈርጦ ለቀጠለው አይጠየቅም። ይህ የመምህር ሕግ ነው። ግን ደግሞ የአንድ ሥራ ጥንካሬ የሚለካው ለመቈረጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው። ምክንያቱን በግልጥ የተናገረ፥ መሬትንና ግብርን የጠየቀ ፊልም ቢሆን ኖሮ ውሻና ብርጭቆ ሊሰፉበት አይመችም ነበር፤ የራሱ ክርክር ስላለው የሌላውን አይቀበልም። ጸጥታው የፊልሙ ውበት ነው ብያለሁ፤ ያው ጸጥታ የገባበት ቀዳዳም ነው። ሁለቱንም እናገራለሁ።

የቀረው የሥራ ዘመኑ ረዥም ነው፤ እኔም በፍጥነት አልፈዋለሁ። ስለ ፍልስጥኤም ሕዝብ፥ ስለ መጨረሻው የሆንግ ኮንግ ገዢ፥ ስለ ሩሲያ ጽፎአል፤ ፊልምም ሠርቶአል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በአገሩ ጫጫታ ያስነሣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 ስለ ልዑል ቻርልስ ያሳየው ፊልም ነው። ቻርልስ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ነገሡ። ፊልሙ ረዥም ነበር፤ ስለ ልዑሉ ሥራ፥ ስለ እምነታቸው፥ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅታቸው ብዙ ይናገር ነበር። በመካከሉ ዲምብልቢ ለትዳራቸው ታማኝ እንደ ነበሩ ጠየቃቸው፤ ልዑሉም ትዳሩ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ እስኪፈርስ ድረስ ታማኝ ነበርሁ ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ የቀረው ፊልም ሁሉ እንዳልነበረ ሆነ። ይህች አንዲት መልስ ብቻ ተቈርጣ ዓለምን ዞረች። በሀያ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የዚህ ሰው ረዥም ሥራ በሌሎች እጅ ተቈርጦ ሌላ ነገር ሆነ። ጥያቄውን መጠየቁን አልነቅፍም፤ ሕዝቡ በየመጠጥ ቤቱ የሚያወራውን በጨዋ ቋንቋ ጠየቀ። የምነቅፈው ሌላ ነው፤ በዚያው ዓመት የልዑሉን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ፥ ማስታወሻቸውንና ደብዳቤያቸውን ከፍተው ያሳዩት ልዑሉ ራሳቸው ነበሩ። ከገበታ አብሮ የተቀመጠ ሰው ፈራጅ ለመሆን ይቸገራል። የወሎ ገበሬ ለዲምብልቢ የሚያሳየው ደብዳቤ አልነበረውም፤ ስለዚህም በዚያ ጊዜ የሠራው ሥራ የበለጠ ነጻ ነበር ብዬ እፈርዳለሁ።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወድለት ግን ብዙ ያልተወራለትን ሥራ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1987 እስከ 2019 ድረስ ለ32 ዓመት በቢቢሲ ራዲዮ «ጥያቄ አላችሁ?» እንደ ማለት ያለ ስም ያለውን ዝግጅት መርቶአል። ዝግጅቱ በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ፥ ከትምህርት ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይዞራል፤ አራት የታወቁ ሰዎች፥ ሚኒስትርም ተቃዋሚም፥ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን የዚያ መንደር ሰው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሚኒስትሩን ይጠይቃል። የዲምብልቢ ሥራ ጠያቂውን መጥራት፥ መልሱ ሲያመልጥ ሚኒስትሩን ወደ ጥያቄው መመለስ፥ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ዝም ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ዝግጅት በ1965 ዓ.ም. በደሴ አዳራሽ ተደርጎ፥ አንድ ገበሬ ተነሥቶ ስለ ጐተራው የጠየቀ እንደ ሆነ ምን ይመጣ ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ከውጭ ፊልም አንሺ ባላስፈለገ ነበር።

ዛሬ ፊልም ለመቈረጥና ለመቀጠል መንግሥት መሆን አያስፈልግም። ስልክ የያዘ ልጅ ከምሳ በፊት ሠርቶ ይጨርሰዋል፤ ከምሳ በኋላ ሰው ይሰደባል፤ ማታ ሰው ይደበደባል። ከመካከላችሁም ይህን የሚሠራ እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚያምን ግን ከሚሠራው ይበዛል። አንድ ሥዕል ሲመጣላችሁ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ከዚህ በፊት ምን ነበረ፥ ከዚህስ በኋላ ምን ይመጣ ነበር፥ ማንስ ነው በዚህ ቦታ የቈረጠው ብላችሁም ጠይቁ። የመስከረም 1 ሌሊት በመስኮት የቆምነው ልጆች ይህን የሚነግረን አልነበረም።

ዲምብልቢ በሽምግልናው ከካሜራ ይልቅ ወደ ብዕር አዘንብሎአል። አባቱ ወሬ ይነግርበት ስለ ነበረው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወፋፍራም መጽሐፎች ይጽፋል፤ ጀርመኖች ሩሲያን ስለ ወረሩበት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2021፥ ስለ 1944 ዓመት ጦርነት ደግሞ በ2024 አሳትሞአል። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ በወሎ ያልጠየቀውን ዐይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ እህሉን ማን ወሰደ፥ ትእዛዙን ማን ፈረመ፥ ማንስ እያወቀ ዝም አለ ይላል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ብዙ መቶ ገጽ ነው፤ ቈርጦ ከውሻ ሥዕል ጋር ለመስፋት አይመችም።